የፌዴክስ ኤክስፕረስና ግራውንድ ውህደት፣ ከሹፌሮቹ ወገን ሲታይ

ጠዋት አንድ የፌዴክስ መኪና ሰፈር ውስጥ ይገባል። ሹፌሩ ፖስታ ያደርስና ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ሌላ የፌዴክስ መኪና እዚያው በር ላይ ይቆማል። ይኼኛው ሹፌር የሚያወርደው የውሻ ምግብ ወይም ጎማ ነው። ሁለቱ ሰዎች ላይተዋወቁ ይችላሉ። የመጀመሪያው የፌዴክስ ቅጥር ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ደሞዙን የሚቀበለው የሰፈሩ ሰው ስሙን ሰምቶት ከማያውቅ አነስተኛ ኩባንያ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በዚህ መልክ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። አሁን ድርጅቱ ሁለቱን መስመሮች፣ በአየር የሚያመላልሰውን ኤክስፕረስንና በመሬት የሚያመላልሰውን ግራውንድን፣ አንድ እያደረጋቸው ነው። ሥራው ኔትወርክ 2.0 ይባላል። ለአንድ ቤት ሁለት መኪና መላክ ብክነት መሆኑን ሹፌሮቹም አይክዱም። የሚያከራክረው የሚቀረውን መኪና የማን ሹፌር ይነዳዋል የሚለው ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በዳላስ፣ በሲያትልና በሚኒያፖሊስ ባለው የሀበሻ ማኅበረሰብ መሪ መጨበጥ የብዙ ቤት እንጀራ ነው። ታክሲ፣ ትራክ፣ እቃ ማድረስ። በአማርኛ ግን ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቦታ የተሰበሰበ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኤክስፕረስ

ፍሬድሪክ ስሚዝ ፌደራል ኤክስፕረስን ያቋቋመው በ1971 ሊትል ሮክ፣ አርካንሳስ ውስጥ ነው። በ1973 ወደ ሜምፊስ፣ ቴነሲ አዛወረው። ሥራ የጀመረው ኤፕሪል 17 ቀን 1973 ሌሊት ነበር። 14 ትናንሽ ፋልከን ጄቶች፣ 25 ከተሞች፣ 186 ጥቅሎች። ዛሬ አንድ ሹፌር ብቻውን በቀን ከዚያ የማይተናነስ ሊያወርድ ይችላል።

ሐሳቡ ቀላል ነበር፣ ግን ያኔ እብደት ይመስል ነበር። ሁሉም እቃ ማታ ወደ ሜምፊስ ይበራል። እኩለ ሌሊት ላይ ይለያል። ሊነጋ ሲል ተመልሶ ይበተናል። ጎረቤት ከተማ የሚሄድ ፖስታ እንኳ በሜምፊስ ዞሮ ይሄዳል። ገንዘብ ሲያልቅ ስሚዝ የቀረውን 5,000 ዶላር ይዞ ላስ ቬጋስ ገባ፣ በካርታ ጨዋታ 27,000 አድርጎ ወጣ፣ የነዳጅ ዕዳውን ከፈለ የሚለው ወሬ በድርጅቱ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይነገራል።

የዚህን መስመር ሹፌር ሰው "ኩሪየር" ብሎ ነው የሚጠራው። ቀኑ የሚዞረው በሰዓት ነው። ብዙ ቦታ ለቢሮዎች የሚሄደው ቀዳሚ ፖስታ በሀበሻ ሰዓት ከጠዋቱ 4፡30 በፊት መድረስ አለበት። አውሮፕላኑ ከዘገየ እቃው ከመለያው ቀበቶ ላይ ሲወርድ ሰዓቱ ግማሹን በልቶታል። ጎበዝ ኩሪየር መኪናውን ሲጭን የሰዓት ፖስታዎቹን እጁ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ በተራ ይደረድራል። የቀረውን ከኋላ ያስቀምጣል። የትኛው ሕንፃ ሊፍቱ ይዘገያል፣ የትኛው ዘበኛ ያስፈርማል፣ የትኛው ሐኪም ቤት በኋላ በር ይቀበላል፣ ሁሉንም በቃሉ ያውቃል። ይህ በአንድ ሳምንት ሥልጠና የሚገኝ እውቀት አይደለም።

ድርጅቱም ይህን ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል። "ሰው፣ አገልግሎት፣ ትርፍ" የሚል ቅደም ተከተል አውጥቶ ሰውን ከፊት አስቀመጠ። ተበደልኩ የሚል ሠራተኛ ጉዳዩን ከቅርብ አለቃው በላይ፣ ደረጃ በደረጃ እስከ ላይኞቹ ኃላፊዎች የሚወስድበት የይግባኝ ሥርዓት ዘረጋ። የጤና መድን ነበረ፣ ጡረታ ነበረ። የቆዩት ሠራተኞች "ደማችን ሐምራዊ ነው" ይላሉ፣ ከድርጅቱ ቀለም ወስደው። በ1989 ፍላይንግ ታይገርስ የተባለውን የጭነት አየር መንገድ ጠቀለለ፣ በ1994 ስሙን ወደ ፌዴክስ አሳጠረ።

ግራውንድ

ግራውንድ የተወለደው ሌላ ቤት ነው። በ1985 ፒትስበርግ አካባቢ የተቋቋመ አርፒኤስ የሚባል የመሬት ጥቅል አመላላሽ ነበር። ፌዴክስ በ1998 ካሊበር ሲስተም የተባለውን እናት ኩባንያ ሲገዛ አርፒኤስም አብሮ መጣ። በ2000 ስሙ ፌዴክስ ግራውንድ ሆነ። ዋና ዓላማው ተፎካካሪውን የጥቅል አመላላሽ ዩፒኤስን በገዛ ሜዳው መግጠም ነበር።

ልዩነቱ ከመነሻው ነው። የግራውንድ ሹፌር ተቀጣሪ አይባልም ነበር። ራሱን የቻለ ነጋዴ ተብሎ ይፈርማል። መኪናውን በዕዳ ይገዛል። ነዳጁ፣ ጎማው፣ ጥገናው ከኪሱ ነው።

ይህ አሠራር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ዞረ። መጀመሪያ ላይ ድርጅቱ ብዙ ጊዜ አሸንፏል። በ2009 የዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሹፌሮቹ ነጋዴዎች ናቸው የሚለውን ተቀብሎለታል። ነፋሱ የተገለበጠው በ2014 ነው። የ9ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት የካሊፎርኒያና የኦሪገን ሹፌሮችን ጉዳይ አየ። ድርጅቱ የደንብ ልብሱን ይወስናል፣ የመኪናውን ቀለም ይወስናል፣ የውስጡን መደርደሪያ ልክ ይወስናል፣ የሹፌሩን ጸጉርና ጺም ሳይቀር ይመለከታል። ፍርድ ቤቱ እንዲህ የሚታዘዝ ሰው ተቀጣሪ ነው አለ። በዚያው ዓመት የካንሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በተመሳሳይ ወሰነ። ፌዴክስ የካሊፎርኒያውን ክስ በ2015 በ228 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋ። በ2016 ደግሞ የ20 ግዛቶች ሹፌሮችን ክስ በ240 ሚሊዮን ዶላር ጨረሰ።

ታዲያ ሹፌሮቹ የፌዴክስ ተቀጣሪ ሆኑ? አልሆኑም። ድርጅቱ አሠራሩን ቀየረ። ከግለሰብ ሹፌር ጋር መዋዋል ቀርቶ በርካታ ሩቶችን፣ ማለትም የማድረሻ መንገዶችን፣ ከያዙ ኮንትራክተር ከሚባሉ ኩባንያዎች ጋር ብቻ መዋዋል ጀመረ። ሹፌሩ የኮንትራክተሩ ተቀጣሪ ሆነ። በ2022 ኮንትራክተሮቹ 6,000 ገደማ ነበሩ። አዲስ የገባ ልጅ ፌዴክስ ገባሁ ብሎ አገር ቤት ይደውላል፣ ቼኩ ላይ ግን ሌላ ስም ነው ያለው። መድንም ሆነ ዕረፍት እንደ ኮንትራክተሩ ነው። አንዳንዱ ደህና አሳዳሪ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሌላ ነው።

ሕጉ

ሁለቱ ቤቶች በሁለት የተለያዩ የሠራተኛ ሕጎች ሥር መሆናቸውን ብዙ ሰው አያስተውልም። ኤክስፕረስ የሚተዳደረው በ1926 በወጣው የባቡር ሠራተኞች ሕግ ነው። በ1936 አየር መንገዶችም ተጨምረውበታል። በዚህ ሕግ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም የፈለገ ኩሪየር የራሱን ጣቢያ ሠራተኛ ብቻ አሳምኖ አይበቃውም። የሙያ ጓዶቹን በመላ አገሪቱ ማስመረጥ አለበት። አላስካ ያለውንም፣ ማያሚ ያለውንም። የፌዴክስ ፓይለቶች ማኅበር አላቸው። ኩሪየሮቹ የላቸውም።

የዩፒኤስ ሹፌሮች ግን በ1935 በወጣው የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ሥር ናቸው። በዚያ ጣቢያ በጣቢያ መደራጀት ይቻላል። በ2023 ዩፒኤስ ውስጥ የቲምስተርስ ማኅበር አባላት 340,000 ገደማ ነበሩ። በ2009 ገደማ የኮንግረስ አባላት ፌዴክስንም ወደዚህ ሕግ ለማምጣት ሞክረው ነበር። ፌዴክስ ሙከራውን ለዩፒኤስ የተደረገ ድጎማ ነው እያለ ትልቅ ዘመቻ ከፈተበት። ሳይጸድቅ ቀረ።

ከውህደቱ በኋላስ? በመሬት ብቻ የሚሄደው ጥቅል ከአየሩ ጋር በአንድ ድርጅት ስም ሲሠራ የትኛው ሕግ ይገዛዋል የሚለው የሕግ ሰዎች የሚከራከሩበት ነው። ኮንትራክተሮቹ የግል ኩባንያ ስለሆኑ የነሱ ሹፌሮች በ1935ቱ ሕግ ሥር ናቸው የሚለው አመለካከት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

ውህደቱ

ስሚዝ በነበረበት ዘመን የድርጅቱ መርህ በተናጠል መሥራት፣ በአንድነት መወዳደር የሚል ነበር። ለየብቻ የመሥራቱ ነገር መላላት የጀመረው በ2020 ነው። ግሪንስቦሮ፣ ኖርዝ ካሮላይና ላይ፣ መኖሪያ ቤት የሚሄዱና የማይቸኩሉ የኤክስፕረስ ጥቅሎች ለግራውንድ ተሰጡ። ያኔ ትንሽ ሙከራ ይመስል ነበር። 

በጁን 2022 ራጅ ሱብራማኒያም ስሚዝን ተክቶ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። በዚያው ወር ኔትወርክ 2.0 ለባለሀብቶች ቀረበ። ኤፕሪል 2023 ላይ ኤክስፕረስ፣ ግራውንድና የአገልግሎት ክፍሉ አንድ ኩባንያ እንደሚሆኑ ተነገረ። ጁን 1 ቀን 2024 በሕግ ተዋሐዱ። ከባድ ጭነት የሚያመላልሰው ፍሬይት ከውህደቱ ውጭ ሆነ፣ በኋላም ራሱን ችሎ እንዲወጣ ተወሰነ። ድርጅቱ ከአጠቃላይ የወጪ ቅነሳው 4 ቢሊዮን ዶላር፣ ከኔትወርክ 2.0 ደግሞ እስከ 2027 በጀት ዓመት ተጨማሪ 2 ቢሊዮን ዶላር አድናለሁ ብሎ ነበር የተነሳው። ስሚዝ በጁን 2025፣ በ80 ዓመቱ አረፈ።

በወረቀት መዋሐድ አንድ ነገር ነው። መጋዘን ከመጋዘን፣ ሩት ከሩት ማዋሐድ ሌላ። ይኼኛው የሚካሄደው ከተማ በከተማ ነው። አንዳንድ ቦታ ሁሉም ጥቅል ለኮንትራክተሮች ይሰጣል። አላስካ፣ ሃዋይና ካናዳ ላይ የተገላቢጦሽ ሆነ፣ የግራውንዱን ሥራ የኤክስፕረስ ኩሪየሮች ወሰዱት። ድርጅቱ ምርጫው እንደየአካባቢው ይወሰናል ይላል።

የሹፌሮቹ ስጋት

የኩሪየሮቹ የመጀመሪያ ስጋት ግልጽ ነው፣ እንጀራ። ሩቱ ለኮንትራክተር ከተላለፈ ኩሪየሩ ሌላ ጣቢያ ክፍት ቦታ ይፈልጋል፣ ወይም ካሳውን ተቀብሎ ይሰናበታል። ሌላው ጣቢያ አንድ ሰዓት ተኩል ሊርቅ ይችላል። ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት ይህን ስሌት በደንብ ያውቀዋል። ለኮንትራክተሩ መንዳትም ይችላል፣ ግን 20 ዓመት ያገለገለበት ዘመን አብሮት አይሻገርም። የዕረፍት ቀኑም፣ የጤና መድኑም፣ ይግባኙም እንደ አዲስ ነው።

ሁለተኛው ክፍያ ነው። ኩሪየር በሰዓት ይከፈለዋል። የኮንትራክተር ሹፌር ብዙ ጊዜ በቀን ሒሳብ ነው የሚሠራው፣ አንዳንዱም በማቆሚያ ቁጥር። ስምንት ሰዓትም ፈጀ አሥራ አንድ፣ የቀኑ ዋጋ ያው ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። በፌዴራሉ ሕግ ክብደታቸው ከነሙሉ ጭነታቸው ከ10,000 ፓውንድ የማይበልጥ መኪኖችን የሚነዱ ሹፌሮች ኦቨርታይም ይገባቸዋል። ከዚያ በላይ ለሆኑት ግን ቀጣሪው ከግዴታው ነጻ ሊሆን ይችላል። የመኪናው ክብደት በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሥራ የሚጀምር ሁሉ በሩን ከፍቶ ቢያያት ጥሩ ነው።

ሦስተኛው የሥራው ጠባይ ነው። የግራውንድ መኪና እስከ 150 ፓውንድ፣ ማለትም 68 ኪሎ የሚመዝን ካርቶን ይጭናል። ጣሪያ ድረስ ይሞላል። እዚያ ውስጥ 4፡30 ላይ መድረስ ያለባት ስስ ፖስታ ገብታ አስቡት። ከውሻ ምግብ ከረጢት ሥር ተንሸራታ ከሰዓት በኋላ ትገኛለች። ስሟ ያው ፖስታ ነው፣ ውስጧ ግን የቤት ሽያጭ ሰነድ ወይም የበሽተኛ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ኩሪየሮቹ "ይህን ሥራ እኛ እናውቀዋለን" ሲሉ ጉራ ብቻ አይደለም። የግራውንዶቹ መልስ ደግሞ "እኛ በቀን ከመቶ በላይ ቤት እያደረስን ፖስታ ያቅተናል?" የሚል ነው። እሱም እውነት አለው።

ኮንትራክተሮቹም እንቅልፍ የላቸውም። መኪና በብድር ገዝተዋል። የሰዓት ፖስታ ሲጨመርባቸው ሩቱን ለሁለት መክፈል፣ ሹፌር መጨመር ግድ ይላቸዋል። ዋጋው ግን ድርድር ነው። ኩሪየሮቹ በተመረጡበት አካባቢ ያለው ኮንትራክተር ደግሞ ውሉ አይታደስለትም። በ2022 የናሽቪሉ ትልቅ ኮንትራክተር ስፔንሰር ፓተን ወጪያችን ንሯል፣ ክፍያው ይስተካከል ብሎ በአደባባይ ተነሳ። ከጥቁሩ ዓርብ የገበያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሊያቆም እንደሚችልም ተናገረ። ፌዴክስ በኦገስት ውሉን አቋረጠ፣ ከሰሰውም። ሌሎቹ ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በፊት ቢያንስ መኪናውን በቀለም መለየት ይቻል ነበር። ኤክስፕረስ ሲሆን የስሙ መጨረሻ ብርቱካናማ፣ ግራውንድ ሲሆን አረንጓዴ ነበር። ድርጅቱ ሁሉንም ብርቱካናማ ማድረግ ከጀመረ ቆይቷል።

ጅምላ ቅነሳ ሲመጣ ሠራተኛውን በመጠኑ የሚጠብቅ የ1988 የፌዴራል ሕግ አለ። ቀጣሪው ጣቢያ ሲዘጋ ወይም ብዙ ሰው ሲቀንስ ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ኩሪየሮች ጣቢያቸው ሊዘጋ መሆኑን የሚያውቁት አንዳንዴ በዚህ ደብዳቤ ነው። ሕጉ የሚመለከተው ግን 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ነው። ሠላሳ አርባ ሹፌር ያለው ኮንትራክተር ውሉ ሲቋረጥበት ይህ ሕግ አይነካውም። የዚያ ሹፌር ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ከአለቃው የሚመጣ የስልክ መልእክት ነው።