የኒሞኮካል ክትባት፦ ለአዋቂው ያልቀረበ ጥያቄ

በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የክትባት ቀን ሲሆን እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ካርዳቸውን በእጃቸው ይዘው ይሰለፋሉ። በዚያው ኮሪደር ላይ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ያላቸው አዛውንቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ሳንባ ምችን ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱን ስለሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት «ተከትበዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከእናቶቹ ሰልፍ ወደ አዛውንቶቹ ወንበር እምብዛም አይሻገርም። ይህ የታካሚው የግንዛቤ ማነስ ብቻ አይደለም፤ እኛ ሐኪሞችም የምንይዛቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

«ክትባቱ የሕፃናት ነው»

ክትባቱ በ2011 እ.ኤ.አ. በአገራችን መደበኛ ፕሮግራም ከገባ ወዲህ ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ስለሚወስዱት አመለካከቱ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ግን ሳንባ ምች፣ ማጅራት ገትርና የደም መመረዝ የሚያስከትለው በሕፃናት ላይ ብቻ አይደለም። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ የስኳር፣ የልብ፣ የሳንባ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ፣ ጣፊያቸው የወጣ ሰዎች ሁሉ ተጋላጭ ናቸው።

«ክትትሉን የያዘው ሐኪም ያስብበታል»

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ጠቅላላ ሐኪሙ ስፔሻሊስቱን፣ ስፔሻሊስቱ ጤና ጣቢያውን ሲጠብቅ ታካሚው በመካከል ይቀራል። በአዳማ መንገድ በመኪና አደጋ ጣፊያው ተጎድቶ በቀዶ ሕክምና የወጣለትን ወጣት እንውሰድ፤ ከሆስፒታል ይዞት የሚወጣው ወረቀት ስፌቱ የሚፈታበትን ቀንና ማስታገሻውን ይዘረዝራል፤ ስለ ክትባት ብዙ ጊዜ አንዲት መስመር የለበትም። ጣፊያ ይህን ባክቴሪያ ከደም የሚያጣራ አካል በመሆኑ ያለ እርሱ የሚኖር ሰው በባክቴሪያው ከታመመ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ታቅዶ የሚደረግ ከሆነ ክትባቱ ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት፣ በድንገት ከተደረገ ደግሞ ከ2 ሳምንት በኋላ ቢሰጥ ይመረጣል።

«አቅሙ የደከመ ሰው ክትባት አይችልም»

ክትባቱ ሕያው ባክቴሪያ ስለሌለበት በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም። ልዩነቱ በክትባቱ አሠራር ላይ ነው፦ በኡጋንዳ ኤችአይቪ ባለባቸው አዋቂዎች ላይ የተሞከረው፣ 23 የባክቴሪያውን ዓይነቶች የሚይዘውና ከባክቴሪያው የስኳር ሽፋን ብቻ የተሠራው የፖሊሳካራይድ ክትባት መከላከል ሳይችል ቀርቷል። በ2010 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በወጣው የማላዊ ጥናት ግን ቀደም ሲል በከባድ የኒሞኮከስ ሕመም ተይዘው በዳኑ፣ አብዛኞቹ ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ኮንጁጌት ክትባቱ (የስኳር ሽፋኑ ከፕሮቲን ጋር የተጣመረበት) በያዛቸው የባክቴሪያው ዓይነቶች ዳግም መታመምን በ74 በመቶ ቀንሷል።

«የተከተበ ሰው ሳንባ ምች አይዘውም»

የኒሞኮከስ ዓይነቶች ከ100 በላይ ሲሆኑ ክትባቶቹ የሚይዙት የተወሰኑትን ነው፤ ሳንባ ምችን የሚያመጡ ሌሎች ተሕዋስያንም አሉ። በኔዘርላንድ ወደ 84,000 በሚጠጉ አረጋውያን ላይ በተደረገው ጥናት ባለ 13 ዓይነቱ ክትባት በውስጡ በያዛቸው ዓይነቶች የሚመጣውን ሳንባ ምች በ45 በመቶ ገደማ፣ ወደ ደም የሚዘልቀውን ሕመም ደግሞ በ75 በመቶ ቀንሷል። (ሳንባ ምችን ከተለመደው «ምች» ጋር አንድ አድርጎ ዳማ ከሴ ጨምቆ ማሽተቱም በስም መመሳሰል የመጣ ነው።)

«ክትባቱ እዚህ ስለሌለ መጠየቁ ፋይዳ የለውም»

ለአዋቂዎች በመደበኛው ፕሮግራም ስለማይሰጥ ማግኘቱ በእርግጥ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚተላለፈው ከትናንሽ ልጆች አፍንጫና ጉሮሮ ነው፤ ሕፃናት በስፋት ሲከተቡም በአረጋውያን ላይ ሕመሙ እንደሚቀንስ በሌሎች አገሮች ታይቷል። ስለዚህ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን እናት ስናክም፣ አብሯቸው የሚተኛው የልጅ ልጃቸው የ14 ሳምንቱን ክትባት ወስዶ እንደሆነ መጠየቅና የእርሳቸውን ተጋላጭነት በካርዳቸው ላይ መጻፍ ዛሬውኑ ይቻላል።