የሁለተኛ ደረጃ የቋንቋ ተማሪዎች ዓለም አቀፍ ልውውጥ

የቋንቋ ተማሪዎች ልውውጥ፣ አንድን የውጭ ቋንቋ በክፍል ውስጥ የሚማሩ ወጣቶች ቋንቋው ወደሚነገርበት አገር ሄደው በእኩዮቻቸው ቤት የሚያርፉበት፣ ከእነርሱ ጋር ትምህርት ቤት የሚውሉበት፣ በተራቸውም እነዚያኑ እኩዮች በቤታቸው የሚቀበሉበት አሠራር ነው። ከትምህርት ጉብኝት የሚለየው ይህ መቀባበል ነው። ሆቴል አድሮ፣ ሙዚየም አይቶ የሚመለስ ቡድን፣ መርሐ ግብሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጎበኘ እንጂ አልተለዋወጠም። ልውውጡ ሁለት ዋና መልኮች አሉት። አንዱ በመምህራን የሚመራ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት የሚቆይ የክፍል ጉዞ ነው፤ ሌላው ተማሪው ብቻውን ሄዶ ለወራት ወይም ለአንድ የትምህርት ዓመት የሚቀመጥበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አነሳስ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የፈረንሳይና የእንግሊዝ የቋንቋ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በደብዳቤ ማጻጻፍ ጀምረው ነበር። በአካል መሄድ የተከተለው ቀስ ብሎ ነው። የበጎ አድራጎት ማኅበራት የሆኑት የሮታሪ ክለቦች የወጣቶች ልውውጣቸውን ታሪክ በ1927 ከፈረንሳይዋ ከኒስ ከተማ ክለብ ይጀምራሉ። በ1932 አሜሪካዊው ዶናልድ ዋት ወጣቶችን ወደ አውሮፓ ወስዶ በቤተሰብ መካከል መኖርን የትምህርቱ ዋና ክፍል አደረገው። ቀዳሚነቱን ለማን መስጠት እንደሚገባ ክርክር አለ፤ ይሁን እንጂ ማኅበራቱ ከመቋቋማቸው በፊት ስማቸው በመዝገብ ያልሰፈረ መምህራን በየትምህርት ቤቱ መንገዱን ሳይጠርጉ አልቀሩም።

ሥራው ስፋት ያገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ ቁስለኞችን በአምቡላንስ ለማመላለስ የተቋቋመው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር፣ በሁለተኛውም ጦርነት አገልግሎ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1946 ፊቱን ወደ ተማሪዎች አዞረ። ዛሬ ኤ ኤፍ ኤስ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ማኅበር በ1947 ከ10 አገሮች የተውጣጡ 52 ተማሪዎችን ወደ አሜሪካ አምጥቷል። ቁስለኛ ሲያነሱ የነበሩ ሰዎች ቀጣዩን ጦርነት ከወዲሁ ለማስቀረት ልጆችን ማቀራረብ መረጡ። በ1951 ደግሞ በሚሺጋን ግዛት የጀርመን ወጣቶችን በቤተሰብ የሚያስተናግድ ሌላ መርሐ ግብር ተጀመረ።

የፈረንሳይና የጀርመን ልውውጥ

ከሁሉም የተሟላ ታሪክ ያለው ይህኛው ነው፤ ሌሎቹም ብዙ ጊዜ የሚለኩት በእርሱ ነው። የሁለቱ አገሮች ከተሞች መቀራረብ የጀመሩት ገና ቁስሉ ሳይጠግግ ነው፤ ሉድቪግስቡርግና ሞንቤልያር በ1950 እህት ከተሞች ሆኑ። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1962 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ደ ጎል በዚያችው የጀርመን ከተማ በሉድቪግስቡርግ ለጀርመን ወጣቶች ንግግር አደረጉ፤ ንግግሩን በቃላቸው አጥንተው በጀርመንኛ ነበር የተናገሩት። በጀርመን ተማርከው የነበሩ የጦር መኮንን፣ በስተርጅና የጀርመንኛ ዐረፍተ ነገር ሸምድደው በወጣቶች ፊት መቆማቸው ለቋንቋ መምህራን ሙያ የተሰጠ ትልቅ ክብር ተደርጎ ቢወሰድ አያስወቅስም።

ከአራት ወራት በኋላ፣ በጃንዋሪ 22 ቀን 1963፣ ደ ጎልና የጀርመን መራሔ መንግሥት አደናወር የኤሊዜን ውል ፈረሙ። ውሉ ስለ መከላከያና ስለ ውጭ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱ መንግሥታት የአንዳቸውን ቋንቋ በሌላው አገር የሚማሩ ልጆችን ቁጥር ለማሳደግ ቃል ገብተውበታል። በዚያው ዓመት በጁላይ 5 የፈረንሳይና የጀርመን የወጣቶች ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ከሁለቱ መንግሥታት በጀት የሚያገኘው ይህ ጽሕፈት ቤት እስካሁን ከ9 ሚሊዮን በላይ ወጣቶችን አገናኝቷል። ለክፍል ጉዞዎች የመጓጓዣ ድጎማ ከመስጠት አልፎ፣ ሁለት ልጆች ተጣምረው አንዱ የሌላው አስተማሪ የሚሆንበትን ታንደም የተባለ ዘዴ አስፋፍቷል። በብሪጊት ሶዜ መርሐ ግብር አንድ ተማሪ ወደ ሦስት ወር ያህል በአጋሩ ቤት ይቀመጣል፤ ቀጥሎም አጋሩ ለዚያው ያህል ጊዜ ይመጣል። በቮልቴር መርሐ ግብር ቆይታው በየወገኑ ስድስት ወር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ልጆች ዓመቱን በሙሉ አብረው ይኖራሉ ማለት ነው። መርሐ ግብሩ የተሰየመላቸው ብሪጊት ሶዜ በሙያቸው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንቶች አስተርጓሚ ነበሩ።

አርአያነቱ ተከታይ አላጣም፤ ጀርመንና ፖላንድ በ1991 ተመሳሳይ ተቋም መሠረቱ፣ የምዕራብ ባልካን አገሮችም በ2016 ተከተሉ። ያም ሆኖ በፈረንሳይ ጀርመንኛን፣ በጀርመንም ፈረንሳይኛን የሚመርጡ ተማሪዎች እየሳሱ መምጣታቸው ሁለቱንም ወገን ያሳስባል። ቋንቋውን የሚማር ክፍል በሌለበት የክፍል ልውውጥ አይኖርም።

ሌሎች መርሐ ግብሮች

የአሜሪካ ምክር ቤትና የጀርመን ምክር ቤት ቡንደስታግ በጋራ የሚደግፉት የዓመት ልውውጥ በ1983 ተጀመረ። ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ ከቀድሞዎቹ ሪፐብሊኮች ተማሪዎችን ወደ አሜሪካ የሚያመጣው ፍሌክስ የተባለ መርሐ ግብር በ1992 ተቋቋመ፤ ሩሲያ በ2014 ወጥታለች። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በ2002 በርካታ ሙስሊም ሕዝብ ላላቸው አገሮች ወጣቶች ያለመ ሌላ መርሐ ግብር ተጨመረ። በ2006 ደግሞ አሜሪካውያን ተማሪዎች እንደ ዐረብኛ፣ ቻይንኛና ሩሲያኛ ያሉትን ቋንቋዎች በየአገሩ እንዲማሩ የሚያስችል ዕድል ተከፈተ። ኢራስመስ ፕላስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት መርሐ ግብር ከ2021 ወዲህ የቡድን ጉዞ ከ2 እስከ 30 ቀን፣ የግል ቆይታ ደግሞ ከ10 ቀን እስከ አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ

ሥራው የሚጀምረው ከጉዞው ወራት በፊት በማጣመር ነው። እያንዳንዱ ልጅ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ጤናው፣ ስለማይበላው ምግብ፣ ስለሚወደው ነገርና ከቤት እንስሳት ጋር ስላለው ሁኔታ ቅጽ ይሞላል፤ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች መምህራን ቅጾቹን አስተያይተው ያጣምራሉ። ቅጹ የማያሳየውን ጠባይ የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ነው፤ ማጣመሩን ለኮምፒውተር የሰጡ አዘጋጆች ይህን ዕውቀት ያጣሉ። በርቀት መጻጻፍ ይቀድማል፤ ከዚያም የወላጅ ፈቃድ፣ የጤና መድንና የጉዞ ሰነድ ይከተላሉ። በቆይታው ወቅት ረፋዱ በአጋር ትምህርት ቤት፣ ከሰዓቱ በጋራ ሥራ ወይም በጉብኝት ያልፋል። ምሽቱና ቅዳሜና እሑድ የቤተሰቡ ናቸው፤ መምህር የማይደርስበት ይህ ሰዓት ለልጁ ከሁሉም የከበደው፣ ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረውም ነው።

የቋንቋውን ትርፍ በተመለከተ የጥናቶቹ ውጤት ይለያያል። የማዳመጥ ችሎታና ሳይደናቀፉ መናገር እንደሚሻሻሉ በሰፊው ይታመናል፤ የሰዋስው ትክክለኝነት ያን ያህል መሻሻሉ ግን አከራካሪ ነው። የአንድና የሁለት ሳምንት ጉዞ በፈተና ውጤት ላይ ጎልቶ ባይታይ አይገርምም፤ ፈተና ደፍሮ መናገርን እምብዛም አይለካም። እውነተኛው እንቅፋት ሌላ ነው፤ ሁለቱም ወገን እንግሊዝኛ በሚያውቅበት ቦታ ንግግሩ ሲጠጥር ልጆቹ ወደዚያ ያመልጣሉ። ለዚህ ነው አንዳንድ መርሐ ግብሮች በተመደበው ቋንቋ ብቻ ለመነጋገር ቃል የሚያስገቡት።

የተቀባይ ቤተሰብ ምርመራም ጠብቋል። በአሜሪካ ደንብ ተቀባዩ ቤት ያሉ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሁሉ የወንጀል መዝገባቸው ይታያል፤ አዘጋጁ ድርጅትም ከተማሪው ጋር በየወሩ መገናኘት አለበት።

ሰነድ

ፓስፖርትና ቪዛ የቡድን ጉዞን ምን ያህል እንደሚወስኑ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ በግልጽ ታይቷል። ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የአብዛኞቹ የኅብረቱ ዜጎች መታወቂያ ካርድ ለመግቢያነት አላገለገለም፤ የሌላ አገር ዜግነት ያላቸው የክፍሉ ልጆችም ለየብቻቸው ቪዛ መጠየቅ ነበረባቸው። ብዙ መምህራን ቡድኑን ከፍለው ከመሄድ ይልቅ ወደ አየርላንድ ወይም ወደ ማልታ መሄድን መረጡ። በ2023 ማብቂያ ላይ ለፈረንሳይ የትምህርት ቤት ቡድኖች ደንቡ ላላ። በጁላይ 17 ቀን 2025 በለንደን የተፈረመው የብሪታንያና የጀርመን ውልም የተማሪ ቡድኖችን ጉዞ የማቅለል ጉዳይ ተካቶበታል።