ሲሲኤ ምንድን ነው? ለቀላል መኪና ትንሽ ባትሪ ሲመረጥ

እንግሊዞች ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ መኪና መገጣጠም ከጀመሩ ቆይተዋል። በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣችው ሎተስ ሰቨን የተባለች መኪና ተፈታትታ ስትሸጥ፣ ራሱ የሚገጥማት ሰው ከግዢ ግብር ይድን ነበር። የግብር ሕጉ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ መስጠት ስለማይፈቅድ ኩባንያው የመፍቻ መመሪያ ይሰጥ ነበር፣ ገዢው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያነበው ነበር ይባላል። በእሷ አምሳል የሚሠሩት የዛሬዎቹ መኪኖች ክብደታቸው ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 600 ኪሎ ነው። እዚህ ላይ 15 ኪሎ የሚመዝን ተራ ባትሪ መጫን ያናድዳል። ስለዚህ ትንሽ ባትሪ ይፈለጋል። ያኔ ነው ሲሲኤ የሚባለውን ቁጥር ማወቅ የግድ የሚሆነው።

ሲሲኤ (ኮልድ ክራንኪንግ አምፕስ) ባትሪው ብርድ ላይ ሞተር ለማስነሳት ስንት አምፔር መስጠት እንደሚችል ይናገራል። በአሜሪካኑ መለኪያ፣ ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ለ30 ሰከንድ ያለማቋረጥ አምፔሩን ይሰጣል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቮልቱ ከ7.2 መውረድ የለበትም። የአውሮፓውም በዚያው ብርድ ነው የሚለካው፤ ግን ጊዜው 10 ሰከንድ፣ ዝቅተኛው ቮልት ደግሞ 7.5 ነው።

እኛ አገር ባትሪ ሲገዛ የሚጠየቀው «ባለ ስንት አምፔር ነው?» ተብሎ ነው። መልሱ 60 ወይም 70 ይሆናል። ይሄ ሌላ ቁጥር ነው፤ አምፔር-ሰዓት፣ ማለትም ባትሪው በጠቅላላ የያዘው መጠን። ለማስነሳት ግን መጠኑ ያን ያህል አያስጨንቅም። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) በአማካይ 150 አምፔር ለ3 ሰከንድ ቢስብ የሚወጣው 0.125 አምፔር-ሰዓት ብቻ ነው። 17 አምፔር-ሰዓት የያዘች ትንሽ ባትሪ ለዚህ ትተርፋለች። ጥያቄው ያን ሁሉ አምፔር በአንዴ ማውጣት ትችላለች ወይ ነው።

መጠኑ የሚያስፈልገው መኪናው ሲቆም ነው። አላርምና ሬዲዮ ተደማምረው 30 ሚሊአምፔር ቢስቡ በቀን 0.7 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይሄዳል፤ የዚያች ትንሽ ባትሪ ግማሽ በ12 ቀን አለቀ ማለት ነው። ቤት የተሠራ መኪና ላይ ግን አላርምም ሬዲዮም ላይኖር ይችላል። ማጥፊያ ማብሪያ ባትሪው ላይ ከተገጠመ ደግሞ መኪናው ቆሞ ምንም አይስብም። ትንሽ ባትሪ የሚያዋጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ተንኮሉ። ትናንሽ ባትሪዎች ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ ሲሲኤ አይደለም። ገጣጣሚዎች የሚወዷት ኦዲሲ ፒሲ680 የተባለች ባትሪ 7 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። 680 የሚለው ለ5 ሰከንድ ብቻ፣ ብርድ በሌለበት የሚሰጥ አምፔር ነው። የሲሲኤ ቁጥሯ ከዚያ ሲሶ አይሞላም። ባትሪዋ መጥፎ ስለሆነች አይደለም፤ ለትንሽ የቤንዚን ሞተር ጥሩ ናት። ግን 680ውን ከሌላ ባትሪ ሲሲኤ ጋር ያወዳደረ ሰው ተሸውዷል።

ስንት ይበቃል? እንደ ሞተሩ ነው። ትልቅ ሞተር፣ ከፍተኛ ኮምፕሬሽን፣ ወፍራም ዘይት፣ ሁሉም ሞተሪኖውን ያከብዱበታል፤ ናፍጣ ደግሞ ይብሳል። እኔ የማምነው መለካትን ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ጫፍ ላይ ቮልት ይታይ፤ 10 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ ደህና ነው። በጣም ከወረደ፣ ኢንጀክሽን ባለው (ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚረጭበት) ሞተር ላይ ኮምፒውተሩ ሊጠፋና ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አልነሳ ሊል ይችላል። ካርቡሬተር ያለው ይታገሳል። ሚዛን ለመጠበቅ ተብሎ ባትሪው ወደ ኋላ ከሄደ ደግሞ ረጅሙ ኬብል ራሱ ቮልት ስለሚበላ ወፍራም መሆን አለበት። የኬብሉ ክብደት ባትሪው ላይ ከተረፈው ላይ ይቀነሳል፤ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ከዚህም የቀለለ የሚፈልግ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን የሊቲየም ባትሪ ይገዛል። አንዳንዱ ላይ የተጻፈው አምፔር-ሰዓት «ከእርሳስ ባትሪ (ከተራው ማለት ነው) ጋር ሲነጻጸር» የሚል ነው፤ እውነተኛው መጠን ሲሶ ገደማ ሊሆን ይችላል። መብራት በርቶ ከተረሳ ቶሎ ያልቃል። ብርድም አይወድም። ፖርሽ በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለ911 ጂቲ3 መኪናው ከ6 ኪሎ በታች የሆነ የሊቲየም ባትሪ አስተዋወቀ፤ ከተለመደው በ10 ኪሎ ይቀላል። ግን ከዜሮ በታች ስለሚደክም ለክረምት የሚሆን ተራ ባትሪ ጨምሮ ነበር የሚሰጠው።

አዲስ አበባ ላይ ከዜሮ በታች 18 የሚባል ብርድ የለም። ስለዚህ እዚህ አነስ ያለ ሲሲኤ ያለው ባትሪ፣ ሊቲየምም ቢሆን፣ ያለ ችግር ያስነሳል። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለ ወገን ግን በጥር ሌሊት ያንን ብርድ በር ላይ ያገኘዋል። በክረምት የሚነዳ ከሆነ በእውነተኛው ሲሲኤ ይግዛ፤ ሊቲየም ከገጠመ ደግሞ ከማስነሳቱ በፊት የፊት መብራቱን ለአንድ ደቂቃ ያብራ። ባትሪው አምፔር ሲሰጥ ከውስጥ ይሞቃል፣ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ጉልበቱ ይመለሳል።