ሂስ ምንድን ነው?

ሂስ ሲባል ብዙዎቻችን ጆሮ ላይ የሚያቃጭለው ነቀፋ ነው። ቃሉም ቢሆን አያግዘንም፤ የግእዙ «ሔሰ» ነቀፈ፣ ወቀሰ ማለት ነው። ግሪኮች ሃያሲን የሰየሙት ግን መለየት፣ መፍረድ የሚል ፍቺ ካለው ግሥ ተነሥተው ነው። ለሥራው የሚቀርበው ይኸኛው ይመስለኛል።

ሂስ ማለት አንድ መጽሐፍ፣ ፊልም ወይም ዘፈን ምን እንደሠራ፣ እንዴት እንደሠራውና ምን ያህል እንደተሳካለት ከራሱ ከሥራው ማስረጃ እየጠቀሱ ማሳየት ነው። «ፊልሙ ይሰለቻል» ያለ ሰው ሂስ ገና አልጀመረም። የቱ ጋ ሰለቸው? ምናልባት እኛ የምናውቀውን ምስጢር ገጸ ባሕርያቱ በሦስት ትዕይንት አንዱ ለሌላው እየደጋገሙ ስለነገሩት ይሆናል። ወይም ደግሞ ረጅሙ ዝምታ የሐዘንተኛዋን ቀን መርዘም እንድንቀምሰው ሆን ተብሎ የገባ ነው። የመጀመሪያው የድርሰቱ ድክመት ነው፤ ሁለተኛው የተመልካቹ ትዕግሥት ማነስ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ትዕይንቱን ዳግመኛ ማየት ግድ ይላል፤ አብዛኛው ሰው የሚሰንፈውም እዚሁ ላይ ነው።

ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ ገንቢ ሂስ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች አስቀምጦ ነበር፦ ደራሲው ምን ለመሥራት ተነሣ? ሐሳቡ ያስኬዳል? ምን ያህልስ ተሳካለት? በዚህ ሚዛን ቧልትን ለምን አላስለቀስክም ብሎ መክሰስ አይቻልም፤ ለጭፈራ የተሠራ ዘፈንም አዝማቹን ደጋገመ ተብሎ አይወቀስም። ይሁን እንጂ የደራሲው ዓላማ ከቃለ መጠይቁ አይቀዳም። ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1946 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የደራሲው ሐሳብ ለሥራው መመዘኛ ሊሆን አይገባም ብለው ተከራክረዋል። ያሰበው በገጹ ላይ ካልታየ፣ ማብራሪያው ገጹን አያድነውም።

ስምም ያሳስታል። የካምብሪጁ መምህር አይ. ኤ. ሪቻርድስ የገጣሚዎቹን ስም ደብቆ ለተማሪዎቹ ግጥሞች ይሰጥና አስተያየታቸውን በጽሑፍ ይቀበል ነበር። በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ 13 ግጥሞችንና የተሰጡባቸውን አስተያየቶች አቅርቧል። ትልልቅ ገጣሚዎች ተንቋሽሸዋል፤ ግጥሙ የሚለውን ቀጥተኛ ነገር እንኳ ያልተረዱ ብዙዎች ነበሩ። የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ልብ በሉ።

ሙገሳም ማስረጃ ከመጥቀስ ግዴታ ነፃ አይደለም። የወዳጅን መጽሐፍ «ድንቅ ነው» ብሎ መልቀቅ ጨዋነት ይመስላል እንጂ ሂስ አይባልም። ደራሲው የሚጠብቀው የትኛው ምዕራፍ ላይ እንቅልፍ እንደነሣችሁ፣ የትኛውን ገጽ ዘላችሁ እንዳለፋችሁ ነው።