«ሜዲካል» ምንድን ነው? ለባቡር ነጂስ ለምን?

ጎንደር ሀዲድ የላትም። በዙሪያችን ባለው ገጠር ባቡር ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የወፍጮ ቤቱ ሞተር ነው። ቢሆንም የድሬዳዋው የድሮ ባቡር ለጎብኚ ይነሳ፣ ጡረተኞችና በጎ ፈቃደኞች ይንዱት የሚል ሐሳብ ሳነብ ደስ አለኝ። ያልታየ ነገር አይደለም። ዌልስ ውስጥ ታሊሊን የሚባለው ትንሽ መስመር እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የቆመው በበጎ ፈቃደኞች ነው።

ከሥሩ አንድ አስተያየት ሰጪ «በነፃ የሚያገለግልን ሰው ሜዲካል (የጤና ምርመራ ወረቀት) አውጣ ማለት ስድብ ነው፤ ጤነኛ ባይሆን መች ይመጣ ነበር?» ብሏል። ይሄኔ ደሜ ፈላ።

የዓይን ሐኪም ነኝ። ቅጽ ይዞ የሚመጣው ሁሉ «ዶክተር፣ ጤነኛ ነኝ፤ ይፈርሙልኝ ብቻ» ይለኛል። ወንድሜ፣ ሜዲካል ጤነኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው «ለየትኛው ሥራ?» የሚል ነው።

አያቴ በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን አይቶ ብቻ ብር አይቆጥርም ነበር። መጀመሪያ የት ሊሄድባት እንደሆነ ያስባል። አዘዞ ሜዳ ላይ የምትሸመጥጠው ሊማሊሞ ዳገት ላይ ትገትራለች። ሰጋሯ ለሙሽራ ትሆናለች፣ ለእህል ጭነት ግን አትሆንም። ሁሉም ጤነኛ በቅሎዎች ናቸው እኮ! ደግሞ በቅሎ ላይ ቢያንቀላፉ እሷ ቤቷን ታውቃለች። ባቡር አያውቅም። ፍሬን ከተያዘ በኋላ እንኳ ገና ይሄዳል።

ስለዚህ ነጂውን የምንፈትሸው ድንገት ራሱን ይስት እንደሆነ ነው። የሚጥል በሽታ፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ በድንገት መውረዱ፣ በእንቅልፍ ጊዜ የሚቆራረጥ ትንፋሽ፤ እነዚህን እንጠይቃለን። ስኳር ያለበት ሁሉ ይባረር አላልኩም። ቲኬት የሚቆርጠውን ደግሞ ይህን ሁሉ አንጠይቀውም። ነጂው በነፃ መንዳቱም ነገሩን አይለውጠውም፤ ተሳፋሪው የራሱን ቲኬት እንጂ የነጂውን ደመወዝ አያውቅም።

አሁን ወደ እኔ ሙያ። አንድ ወጣት ለመንጃ ፈቃድ መጣ። ኳስ ተጫዋች ነው፣ ደረቱ ሰፊ። ከሩቅ ያሉትን ትናንሽ ፊደላት አንድ ሳይስት ጨረሰ። ከዚያ ቀለም መለየትን የምትፈትነውን፣ በባለቀለም ነጠብጣብ መሃል ቁጥር የተደበቀባትን የኢሺሃራ መጽሐፍ ገለጥኩለት። 12 የሚለውን አነበበ፤ እሱን ማንም ያነበዋል። 74 የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ ያለማመንታት «21» አለ። ቀይና አረንጓዴ አይለይም።

«ታዲያ የትራፊክ መብራቱን እንዴት ታውቃለህ?» አልኩት።

«ቀዩ ከላይ ነዋ!»

ልክ ነው፣ መንገድ ላይ ይሠራል። የድሮ ባቡር ላይ ግን ማታ የምታየው ብዙ ጊዜ አንድ መብራት ነው። ከፊቱ የሚቀያየረው ባለቀለም መስታወት ነው። ላይና ታች የለውም። ሠራተኛው በእጁ የሚያወዛውዘው ፋኖስም እንደዚያው ነው።

ስዊድን ውስጥ ላገርሉንዳ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1875 ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰዎች ሞቱ። ሆልምግሬን የተባለ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቀለም አለመለየትን ጠረጠረ። ባለቀለም የሱፍ ክር እያስለየም የባቡር ሠራተኞችን መፈተን ጀመረ። ጥርጣሬው ትክክል ስለመሆኑ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ሠራተኛን በቀለም መፈተኑ ግን ጸንቶ ቆየ። የኢሺሃራ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። የጅቡቲው ሀዲድ አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው።

ሳልጠየቅ ልጨምር። ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ተመረመርክበት ቀን ነው። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ብዙ ጊዜ ሳያምህ የእይታህን ዳር ዳር ይበላል፣ የመሃሉ እይታ ደህና ሆኖ ሳለ። ስለዚህ ፊደል ማንበብ ብቻውን አይበቃም። በዕድሜ የገፋ በጎ ፈቃደኛም ቶሎ ቶሎ ይመርመር። አስተያየት ሰጪው ይህንንም ስድብ ይለው ይሆናል።

ለባልደረቦቼም አንድ ነገር አለኝ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ኢሺሃራ አታስነብቡ። ቀለሙን ያበላሸዋል፤ ተመርማሪውን መስኮት አጠገብ ቁጭ አድርጉት። መጽሐፉን ግን እዚያው ፀሐይ ላይ ረስታችሁት አትሂዱ። ይደበዝዛል።