ከጥይት ቀለህ ላይ አሻራ እንዴት ይነሳል?

ጣታችን ደረቅ ቢመስለንም ላብ አያጣውም። ፊታችንን ወይም ፀጉራችንን በነካን ቁጥር ደግሞ ወዝ ይጨመርበታል። የበር እጀታ ስንይዝ ላቡና ወዙ የጣታችንን መስመር እንደያዘ ብረቱ ላይ ይቀራል። በዓይን ግን አይታይም።

ትኩስ አሻራ ለማንሳት ብዙ ጊዜ ደቃቅ ዱቄትና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ዱቄቱ ወዙ ላይ ይጣበቃል። ሌላው መላ ሱፐር ግሉ ነው፣ ያው ከሱቅ የምንገዛው። ዕቃው ዝግ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሙጫው ወደ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ የሳጥኑ እርጥበት 80 በመቶ አካባቢ ይደረጋል። ጭሱ አሻራው ላይ እየጠጠረ ነጭ መስመር ይሠራል። ይህ ዘዴ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ፉሴዎ ማትሱሙራ የሚባል የፖሊስ ላቦራቶሪ ባለሙያ ለምርመራ የመጣ ፀጉር መስታወት ላይ ሲያጣብቅ፣ የገዛ ጣቱ አሻራ ነጥቶ ታየው።

ትልቁ ፈተና የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ነው። ተኳሹ ጥይቱን የጠመንጃው ካዝና ውስጥ ሲያጎርስ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገዋል፤ ስለዚህ አሻራው አለ። ግን ሲተኮስ ሙቀቱ ላቡን ያተንነዋል፣ ፍትጊያው የቀረውን ይጠርገዋል። ዱቄቱም ሙጫውም ብዙ ጊዜ የሚይዙት ያጣሉ።

የእንግሊዛዊው ጆን ቦንድ ሥራ ሁሌ የሚገርመኝ ለዚህ ነው። በኖርዝሃምፕተንሻየር ፖሊስ ሲሠራ፣ ከሌስተር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ ዘዴ አስተዋወቀ። ላቡን መፈለጉን ትቶ ላቡ ያደረሰውን ጉዳት ፈለገ። ላብ ጨው አለው፤ ጨው ደግሞ ብዙ ቀለህ የሚሠራበትን ናስ ይበላል። ቀለሁ በሞቀ ውሃና በሳሙና ቢታጠብ እንኳ የተበላው መስመር አይለቅም። ቀለሁ ላይ 2500 ቮልት ይለቀቅበታል፤ ከዚያ ጥቁር ዱቄት የተቀቡ ጥቃቅን የሴራሚክ ኳሶች ይንከባለሉበታል። ዱቄቱ የተበላው ቦታ ላይ ይቀራል። ሁሌ ይሠራል ማለት ግን አይደለም፤ የሰው ላብ ጨው እኩል አይደለም፣ ብረቱም ዓይነት አለው።

ጠመንጃ የሚያጠቁር ፈሳሽም ለዚህ ሥራ ይውላል። ወዝ ያለበትን ሳይነካ ዙሪያውን ያጠቁርና አሻራው በናሱ ቢጫ ቀለም ደምቆ ይወጣል። እዚህ ላይ ዓይን መንቀል የለም። ትንሽ ከዘገየ ፈሳሹ ሁሉንም አጥቁሮት ቁጭ ይላል። በዚህ ምክንያት የዲኤንኤ ናሙና ቀድሞ ይወሰዳል፣ ሱፐር ግሉው ይከተላል፣ ማጥቆሪያው ወደ ኋላ ይቆያል። መስመር ብቅ ባለ ቁጥርም፣ ወደሚቀጥለው ሳይታለፍ ፎቶ ይነሳል።