የሬምብራንት ብርሃን ምንድን ነው?

ቤት ውስጥ ሞዴል ፎቶ ማንሳት የሚጀምር ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስንት መብራት እንደሚገዛ ነው። የእኔ መልስ አንድ ነው። አንዱን በደንብ ማስቀመጥ ከቻላችሁ ብዙ ርቀት ትሄዳላችሁ። ለመማሪያ ደግሞ ከሬምብራንት ብርሃን የተሻለ መነሻ አላውቅም። መብራቱ ቦታውን ይያዝ አይያዝ ፊቱ ላይ በግልጽ ይታያልና።

የሬምብራንት ብርሃን ማለት የፊት አንዱ ጎን በርቶ፣ ሌላው ጎን ጥላ ውስጥ ሆኖ፣ ጥላው ባለበት ጉንጭ ላይ ከዓይን ሥር ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን የሚታይበት አበራር ነው። ሦስት ማዕዘኑ የሚፈጠረው የአፍንጫ ጥላ ወርዶ ከጉንጭ ጥላ ጋር ሲገናኝ ነው። በተለምዶ ስፋቱ ከዓይን፣ ቁመቱም ከአፍንጫ አይበልጥም። ሁለቱ ጥላዎች ካልተገናኙ ፎቶው ሊያምር ይችላል፤ ግን የሬምብራንት ብርሃን አይባልም።

ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. ከ1606 እስከ 1669 ከኖረው የኔዘርላንድ ሠዓሊ ከሬምብራንት ፋን ራይን ነው። በብዙ ሥዕሎቹ ላይ ብርሃኑ ከላይና ከጎን ይመጣል፤ ግማሽ ፊት ጨለማ ውስጥ ይቀራል። አምስተርዳም የሚገኘው ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ይሥልበት የነበረው ክፍል መስኮቶች ወደ ሰሜን ያያሉ። በዚያ አገር የሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ እምብዛም ስለማያገኝ ብርሃኑ ለስላሳና የተረጋጋ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ይህን ምክር እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ በእኩለ ቀን በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ሰሜን የሚያይ መስኮትም ፀሐይ ሊገባበት ይችላል። በመስኮት ብርሃን የምትሠሩ ከሆነ በዚያ ወቅት ነጭ ስስ መጋረጃ ጣሉበት።

በመብራት ከሆነ ደግሞ ሞዴሏን ከኋላዋ ካለው ግድግዳ ሁለት ሜትር ያህል አርቃችሁ አስቀምጧት። መብራቱን ከካሜራው ወደ ጎን 45 ዲግሪ ገደማ ውሰዱት። ከዓይኗ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች አዘንብሉት። አሁን ጉንጯን እዩ። ሦስት ማዕዘኑ ካልመጣ መብራቱን ከመነካካታችሁ በፊት አፍንጫዋን ከመብራቱ ትንሽ ወዲያ እንድታዞር ንገሯት። ብዙ ጊዜ ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ ትበቃለች። በጥላው በኩል ያለው ዓይን ውስጥ የብርሃን ነጥብ ከጠፋ መብራቱ በጣም ከፍ ብሏል ወይም በጣም ወደ ጎን ሄዷል ማለት ነው። መልሱት። ያ ነጥብ የሌለበት ዓይን ድንግዝ ይላል።

ባዶ አምፖል የጥላውን ጠርዝ እንደ ቢላ ስለት ያደርገዋል። ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ፣ ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳጥን) ከሌላችሁ ነጠላ ዘርግታችሁ ብርሃኑን በእሱ አሳልፉት፤ በጣም ጥሩ ነው። መብራቱ የማይግል ኤልኢዲ ይሁን፤ ጨርቁም አምፖሉን አይንካ። ከዚያ መብራቱን ቀረብ አድርጉት። ሲቀርብ ብርሃኑ ይለሰልሳል፤ ከኋላ ያለው ግድግዳም ይጨልማል። መብራቱ ከፊቷ 1 ሜትር፣ ከግድግዳው 3 ሜትር ቢርቅ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ፊቷ ላይ ካረፈው አንድ ዘጠነኛ ገደማ ነው። ነጭ ግድግዳ ይዛችሁ ግራጫ ጀርባ ታገኛላችሁ ማለት ነው።

የጠባብ ክፍል ችግር ሌላ ነው። ነጭ ግድግዳና ኮርኒስ ብርሃኑን እየመለሱ ጥላውን ያጠፉታል። በጥላው በኩል ጥቁር ካፖርት ወይም ጨርቅ ወንበር ላይ ስቀሉ። ጥላው በዛ ካላችሁ ደግሞ በእሱ ፋንታ ነጭ ፎም ወይም ወፍራም ነጭ ወረቀት አቁሙ። የጣሪያውን መብራት ግን አጥፉ። የእሱ ቢጫ ብርሃን ከመብራታችሁ ነጭ ብርሃን ጋር ሲደባለቅ የቆዳን ቀለም ማስተካከል ፈተና ይሆናል።

ለእኛ አገር ፊት ትልቁ ጉዳይ የካሜራው ግምት ነው። ካሜራ በአውቶማቲክ ሲሠራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ጀርባው ጥቁር ከሆነ ፎቶውን ከልክ በላይ ያነጣዋል፤ ቡናማው ቆዳ መልኩን ያጣል። ሞዴሏ ሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ከሆነ ተቃራኒው ይመጣል። ነጩ ልብስ ካሜራውን ያታልለውና ፊቷ ይጠቁራል። ስለዚህ ካሜራውን ማኑዋል ላይ (ልኩን ራሳችሁ በምትወስኑበት አሠራር) አድርጉና የብርሃኑን ልክ ከበራው ጉንጭ ውሰዱ። በጠቆረ ቆዳ ላይ ሦስት ማዕዘኑን አጉልቶ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ የቆዳው ወዝ ነው። ፊቷን በፓውደር ሙሉ በሙሉ አታድርቁት። ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ቀለል አድርጉ፤ የጉንጩን ወዝ ተዉት።

ለሚሞክር ሰው መነሻ የሚሆነው አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የመቀበል ስሜቱ) 400፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) f/4 ነው። ሹተሩን (ካሜራው ለብርሃን ክፍት የሚሆንበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጉት። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ ከዚያ በፈጠነ ሹተር ፎቶው ላይ አግድም መስመር ሊጥል ይችላል። ፎቶው ከጨለመ ሹተሩን አትንኩት፤ መብራቱን አቅርቡት ወይም አይኤስኦውን ጨምሩ።